ሌፐርድ ጌኮ ዓይኗ ሲጣበቅ ወረንጦ ለምን?

ዓይኗ ከተጣበቀ በለብታ ውሃ አርሱት፣ የቀረውን ቆዳ በወረንጦ ሳብ አድርጉ፣ ከዚያ ቤት ያለውን የዓይን ጠብታ ጨምሩ። ሌፐርድ ጌኮ ለሚያሳድጉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክር ይኼ ነው። ለብታ ውሃው እሺ። የተቀረው ግን የእንስሳዋን ዓይን ልብ ብሎ ያላየ ሰው ምክር ይመስላል።

ማታ ማታ ግድግዳ ላይ፣ መብራት ዙሪያ ነፍሳት የምታድነዋን ጌኮ አይታችሁ ከሆነ፣ ዓይኗን አትጨፍንም። የሚከደን ቆብ የላትም፤ ዓይኗን የሚሸፍነው እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት ነው፣ ሲቆሽሽ በምላሷ ትወለውለዋለች። ሌፐርድ ጌኮ ግን እንደኛ ቆብ አላት። ዩብሌፋሪስ የሚለው ሳይንሳዊ ስሟ ራሱ «መልካም» እና «የዓይን ቆብ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። ስለዚህ ቆዳዋን ስትቀይር የተረፈ ቁራጭ ቆቡ ሥር ገብቶ ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ግልጽ የፊት ሽፋን፣ ይፍቃል። ወረንጦ እዚያ ምን ይሠራል? ጠብታውም ስቴሮይድ ካለበት የቆሰለ ኮርኒያን ያባብሳል።

የበረሃ እንስሳ ናትና እርጥበት አያስፈልጋትም የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። አገሯ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ ደረቅ ነው፤ ቀኑን የምታሳልፈው ግን እርጥበት በሚይዝ ድንጋይ ሥርና ጉድጓድ ውስጥ ነው። እርጥብ ሶፍት የተነጠፈበት፣ መግቢያ የተቀደደለት ፕላስቲክ ዕቃ ይህንኑ ይተካላታል። አለዚያ አሮጌው ቆዳ ጣቷ ላይ እንደ ክር ተጠምጥሞ ይደርቃል፣ ደም ያግዳል፣ ጣቱም ይረግፋል።

በጣም የሚገርመው ስለ ምግብ ምንም አለመባሉ ነው። ተረብተው የሚሸጡ ፌንጣዎችና ትሎች ቫይታሚን ኤ በጣም ያንሳቸዋል። ቫይታሚኑ ሲጎድል የቆቡና የእንባ ቱቦው ውስጠኛ ሽፋን እንደ ጥፍር እየጠጠረ ይሄዳል፤ ቆቡ ሥር አይብ የመሰለ ነገር ይጠራቀማል፤ ቆዳውም በደንብ አይለቅም። የዓይኑና የቆዳው ችግር አንድ ምንጭ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው! ታዲያ ቫይታሚን ኤ በብዛት እንስጣት? አይሆንም፤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ሲበዛም ራሱ ቆዳ ይልጣል። መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው።

«ትንሽ ጠብቁ፣ ይሻላታል» የሚሉም አሉ። የምታድነው በዓይኗ ስለሆነ ካላየች አትበላም። ጅራቷ ውስጥ ያለው ስብ ግን ለሳምንታት ያቆያታል፣ ደህናም ያስመስላታል። ስለዚህ ጅራቷ እስኪቀጥን ሳይሆን፣ ዓይኗ ሳይከፈት አንድ ቀን ሲያልፍ ነው ሐኪም ጋ መሄድ።