ያልታተመ መጽሐፍና የታሪክ መምህር፤ ስለ ዶክተር መርዕድ ወልደ አረጋይ የምርምር ሕይወት የቀረበ ሂስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማሩትን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉትን የዶክተር መርዕድ ወልደ አረጋይን የምርምር ሥራ መመልከትና ከዚሁ ጋር አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ጥያቄውም የአንድ የታሪክ መምህር ድካም በምን ይለካል? የሚል ነው። በታተመለት መጽሐፍ ነውን? በውጭ አገር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ነውን? ወይስ ባስተማራቸው ሰዎችና ለአገሩ ሕዝብ ባደረሰው እውቀት ነው? በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው የዘመን ቁጥር «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄው የምሁራን ብቻ አይደለም። በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራኒዮ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ጋሞውና አማራው በአንድ መንደር ይኖራል፤ በአንድ ገበያ ይሸምታል። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ከነዋሪው ብዙ ሰው ያውቃል፤ በኩራትም ይናገረዋል። ነገር ግን ከዚያ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተሂዶ «በዚህ ምድር ማን ነበረ? ማንስ ከየት መጣ?» የተባለ እንደ ሆነ ጨዋታው ወዲያው ወደ ክርክር ይለወጣል፤ ክርክሩም አንዳንድ ጊዜ ወደ ጠብ ይደርሳል። አንዱ ካህኑ ባሕርይ በ1593 የጻፉትን ይጠቅሳል፤ ሌላው አያቱ የነገሩትን ያመጣል። ያንኑ ዘመን ረጅም ጊዜ ወስደው የመረመሩት የዶክተር መርዕድ ስም ግን ከተከራካሪዎቹ አፍ አይሰማም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ማወቅ የሚቻለው የሥራቸውን መንገድ በመከተል ነው።

ሀ. ሥራው

ዶክተር መርዕድ ከግርማ በሻህ ጋር ሆነው በ1964 በሊዝቦን ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1500 እስከ 1632 በፖርቱጋልና በኢትዮጵያ መካከል ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት የተደረገውን ግንኙነት የሚመለከት ነው። ከዚያም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ማዕረግ ያቀረቡት ጥናት በ1971 ተፈጸመ። የጥናቱ ርእስ ከ1508 እስከ 1708 ስለ ደቡብ ኢትዮጵያና ስለ ክርስቲያኑ መንግሥት ሲሆን፣ በተለይ የኦሮሞን ሕዝብ ንቅናቄና ያስከተለውን ለውጥ ይመረምራል።

ሁለቱ ዓመታት በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። 1508 ልብነ ድንግል የነገሡበት፣ 1708 ቀዳማዊ ተክለ ሃይማኖት የተገደሉበት ዘመን ነው። በእነዚህ ሁለት ነገሥታት መካከል የኢማም አሕመድ ጦርነት፣ የፖርቱጋሎች መምጣት፣ የኦሮሞ ንቅናቄ፣ የኢየሱሳውያን ስብከትና የጎንደር መቆርቆር ይገኛሉ። ባጭሩ የዛሬይቱ ኢትዮጵያ ሕዝብ አሠፋፈር በአብዛኛው መልክ የያዘው በእነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የጥናቱ ዋና ጥቅም የሕዝብን ንቅናቄ ከመንግሥቱ ሁኔታ ለይቶ አለማየቱ ነው። አንድ ሕዝብ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላውን እንደ ጎርፍ አጥለቀለቀ ማለት ቀላል ነው፤ ታሪክ ግን አይደለም። ዶክተር መርዕድ ጥያቄውን ወደ ሁለቱም ወገን ይወስዱታል። የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ምን ኃይል ነበረው? የሚጠብቀው የመንግሥት ጦርስ እንዴት ተደራጅቶ ነበር? በገበሬው ላይስ ምን ሸክም ይጥል ነበር? ይላሉ። በ1974 የሕዝብ ንቅናቄ ለክርስቲያኑና ለእስላሙ ግጭት አንድ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የጻፉትም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው።

በኋላም በልዩ ልዩ መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በ1980 የጦር መሣሪያ በኢትዮጵያ ውጊያ ላይ ያመጣውን ለውጥ እንደገና መረመሩ። በ1984 ከ1500 እስከ 1800 ስለ ነበረው ኅብረተሰብና የእጅ ሥራ እውቀት ጻፉ። በ1988 የቡናን ንግድ የጥንት ታሪክ ከሸዋ መነሣት ጋር አያያዙ። በ1997 ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ስለ ነበሩት የጦር አለቆች አወጡ። ጠመንጃውን ሲያዩ የያዘውን ወታደር፣ ቡናውን ሲያዩ ቀረጡን የሚቀበለውን መንግሥት አብረው ያያሉ። በነገሥታት ስም ዝርዝር ብቻ ታሪክ ለተማረ ተማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ለ. ጉድለቱ

እስካሁን የተባለው ምስጋና ነው። ሂስ ግን በምስጋና ብቻ አይፈጸምም።

አንደኛው ጉድለት የ1971ዱ ጥናት ደራሲው በሕይወት ሳሉ በመጽሐፍ መልክ አለመውጣቱ ነው። የዚህን ክብደት ለማወቅ ከዶክተር ታደሰ ታምራት ሥራ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ዶክተር ታደሰም በዚያው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ጥናታቸውን በ1968 ፈጸሙ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ1972 ከ1270 እስከ 1527 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት የሚናገረው መጽሐፋቸው በኦክስፎርድ ታተመ። እነሆ፣ የአንዱ ጥናት ከሚያበቃበት ግድም የሌላው ይጀምራል። ሁለቱ ተያይዘው ቢታተሙ ኖሮ አንባቢ ከይኩኖ አምላክ እስከ ጎንደር ዘመን ሳይቋረጥ የሚሄድበት መንገድ በኢትዮጵያውያን እጅ በተሠራ ነበር። አሁን ግን የዶክተር ታደሰን መጽሐፍ የጨረሰ ሰው በኢማም አሕመድ ጦርነት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

«ጥናቱን የሚፈልግ ተመራማሪ ያገኘዋል፤ ሌሎችም ይጠቅሱታል» የሚል ይኖራል። መጠቀሱ እውነት ነው። ፕሮፌሰር መሐመድ ሐሰን በ1990 ባሳተሙት የኦሮሞ ታሪክ መጽሐፍም ሆነ በ2015 ባወጡት ሰፊ ሥራ በዶክተር መርዕድ ጥናት ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ለፈታኞች የተጻፈ ጥናትና ለሕዝብ የተዘጋጀ መጽሐፍ አንድ አይደሉም። ያልታተመ ጥናት ሌላው ሰው በጠቀሰው መጠን ብቻ ይታወቃል፤ ሙሉ ክርክሩ ለሕዝብ ሂስ አይቀርብም፤ ደራሲውም ለተቺዎቹ መልስ ሰጥቶ ሥራውን የሚያርምበት ዕድል አያገኝም። መጽሔት ላይ የሚወጣ ጽሑፍም አንድን ሐሳብ ያስረዳል እንጂ ማስረጃውን ሁሉ ሊሸከም አይችልም።

ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አማርኛ አንባቢ የአሥራ ስድስተኛውን መቶ ዓመት ታሪክ ያገኘው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ መምህር ካልነበሩት፣ በመንግሥት ሥራና በአምባሳደርነት ካገለገሉት ከአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ነው። የእርሳቸው «የግራኝ አሕመድ ወረራ» በ1966 ዓ.ም. ሲወጣ የዶክተር መርዕድ ጥናት ከተፈጸመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቋንቋ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ አንባቢው ራሱ አመዛዝኖ ይፈርድ ነበር።

ሦስተኛው የምንጭ ጉዳይ ነው። ስለዚያ ዘመን የተጻፈው ምንጭ በአብዛኛው ከቤተ መንግሥት፣ ከገዳምና ከውጭ ሚሲዮናውያን እጅ የወጣ ነው። ከብቱን እየነዳ የመጣው እረኛና መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ራሳቸው ጽፈው ያቆዩት የለም። ስለዚህ በእነዚህ ምንጮች ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ደራሲው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ በቃል ከቆየው ትውፊት ጋር መመዛዘን አለበት። በጥናቱ ርእስ ላይ የሚገኘው የኦሮሞ ሕዝብ የቀድሞ መጠሪያ ዛሬ በነቀፋ የተተወ መሆኑም ሥራው ያለ አዲስ መግቢያ እንዳለ ሊታተም የማይገባው መሆኑን ያሳያል።

ሐ. የጥፋቱ ባለቤት ማነው?

ነገሩን ሁሉ በደራሲው ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥናቱ ከተፈጸመ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የ1974ቱ አብዮት መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር ስንቱን የተማረ ሰው እንደ በላ የሚታወቅ ነው። በ1993 ደግሞ ከአርባ በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። በእንደዚህ ያለ ዘመን ብዕር ይዞ መቀመጥ ራሱ ጽናትን ይጠይቃል። ከ1980 ጀምሮ የወጡት ጽሑፎችም የዶክተር መርዕድ ብዕር ሥራ ፈትቶ እንዳልተቀመጠ ምስክር ናቸው።

ከዚህም ሌላ መምህሩ ለራሱ መጽሐፍ ሊሰጠው የሚችለውን ጊዜ ለሌላው ሰው ጽሑፍ ይሰጣል። በታሪክ ክፍሉ አንድ ተማሪ ለመመረቅ የሚያቀርበው ጽሑፍ በመምህሩ እጅ ይታረማል፤ ማስረጃው ይጣራል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ይጻፋል። በሽፋኑ ላይ የሚታየው ግን የተማሪው ስም ነው፤ ጽሑፉም ከተመረቀበት ቀን በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ስለየአገራቸው ልማድ የሰበሰቡትን በራሳቸው ቡለቲን ያሳትሙ ነበር። ተማሪው ቁጥሩ እጅግ በበዛበት በዛሬው ጊዜ ይህ ልማድ መድከሙ ያሳዝናል። እንግዲህ የመምህሩ ድካም ሁለት ጊዜ ይቀበራል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በራሱ ባልታተመ ጥናት፣ ሁለተኛ በተማሪዎቹ ባልታተመ ጽሑፍ።

የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ግን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በ1986 የአዲስ አበባ መቶኛ ዓመት ሲከበር በተደረገው ጉባኤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ከተማይቱ የጥንት ሰፈሮች ያቀረቡት ጥናት በሚቀጥለው ዓመት ከጉባኤው ጽሑፎች ጋር ታትሟል። ከ1855 ጀምሮ ያለውን የኢትዮጵያ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸውም በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ በአማርኛ ለአንባቢ ቀርቧል። የአንድ መምህር ሥራ ከክፍል ወደ ጉባኤ፣ ከጉባኤ ወደ መጽሐፍ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚሻገርበት መንገድ ካለ፣ ለአንዱ የሠራው ለሌላው የማይሠራበት ምክንያት የለም።

መ. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ወደ ሦስት ነገር ያመራል። መጀመሪያ፣ የ1971ዱ ጥናት ከዚያ ወዲህ የተደረገውን ምርምርና የተነሣበትን ተቃውሞ በሚያሳይ መግቢያ ታጅቦ በአዲስ አበባ ይታተም፤ በአማርኛና በኦሮምኛም ይተርጎም። ሁለተኛ፣ መምህር ለማዕረግ ሲታይ የመራቸው የተማሪ ጽሑፎችም ከሥራው ይቆጠሩለት። ሦስተኛ፣ እነዚያ ጽሑፎች በየቦታቸው ስም ተመዝግበው፣ ስለ ቀራኒዮ ወይም ስለ ዓለም ገና የሚፈልግ ሰው ሳይጉላላ የሚያገኛቸው ይሁኑ።

የታሪክ መምህር ጠብ አያበርድም፤ ዳኛም አይደለም። ነገር ግን ለተከራካሪዎቹ ማስረጃ ያቀርብላቸዋል፤ ማስረጃ ያለው ክርክርም ከሌለው ይሻላል። በኮልፌ መንደር ስለ አሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የሚከራከሩት ሁለት ጎረቤታሞች ዶክተር መርዕድን አንብበው ላይስማሙ ይችላሉ፤ የሁለቱም አባቶች እንደ ጎርፍ ወይም እንደ ግንብ ሳይሆን እንደ ሰው የተጻፉበትን ታሪክ ግን በአንድነት ባነበቡ ነበር።