ሎታው፣ ዐይኑና የሩፒው ምልክት

«የተማሪ ሥራ» ሲባል ብዙ ጊዜ «እለፉት፣ ገና ለጋ ነው» ማለት ይመስላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሕንድ ውስጥ ከተማሪ ጠረጴዛ ተነሥተው ያገር ምልክት የሆኑ ሁለት ንድፎች አሉ፦ አንዱ የቴሌቪዥኑ ዐይን፣ ሁለተኛው የገንዘቡ ምልክት። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጠን ብንመረምር፣ እኛንም ዘወትር ለሚያጨቃጭቀን ጥያቄ ፍንጭ እናገኛለን። ጥያቄውም የግራፊክ ባለሙያ አገሩን በሥራው ውስጥ የሚያስገባው በየት በኩል ነው? የሚል ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የውሃ ዕቃ ነው። የሕንድ መንግሥት ስለ ንድፍ ትምህርት እንዲያማክሩት አሜሪካውያኑን ባልና ሚስት ቻርልስና ሬይ ኢምስን ጋብዞ ነበር። በ1958 ባቀረቡት ዘገባ ካዩት ዕቃ ሁሉ አብልጠው ያደነቁት ሎታን ነው፤ ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ በየቤቱ የሚገኝ ተራ የውሃ መያዣ። ያደነቁትም በጌጡ አልነበረም። ምን ያህል ይይዛል? ሲሞላና ሲጎድል ሚዛኑ እንዴት ነው? የሚሸከሙት በወገብ ነው ወይስ በራስ? ውሃው ሲቀዳ እንዴት ይወርዳል? እያሉ ነው የመረመሩት። በ1961 አሕመዳባድ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የንድፍ ተቋም መነሻው ይኸው ዘገባ ነው።

የቴሌቪዥኑ ዐይን የተነደፈው በዚህ ተቋም ነው። ነዳፊው ዴባሺስ ባታቻርያ ያኔ ተማሪ ነበር፤ ሥራውም የክፍል ሥራ ነበር። የሕንድ ቴሌቪዥን፣ ዱርዳርሻን፣ በ1976 ከሬዲዮው ተለይቶ ራሱን ሲችል ዓርማው ይሄ ሆነ። አንድ ክብ፣ ዙሪያውን ያቀፉት ሁለት ቅስቶች፤ በቃ! ዝሆን የለ፣ ጣዎስ የለ፣ የሎተስ አበባ የለ። ቅስቶቹ የቻይናውን ዪንና ያንግ ስለሚያስታውሱ አንዳንዱ «ታዲያ ሕንድነቱ የት አለ?» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን ዱርዳርሻን ማለት «የሩቅ እይታ» ማለት ነው። ቅርጹ ስሙን አልጻፈውም፤ አደረገው እንጂ፣ ያያል። ቋንቋውና ፊደሉ ብዙ በሆነ አገር ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም እኩል ያነበዋል። ሎታውን ያደነቁ ሰዎች የጠየቁትን ጥያቄ ይህም ንድፍ ይመልሳል፤ ማን ይሸከመዋል? ቢባል፣ ሁሉም።

ሁለተኛው ሥራ የበለጠ ያነጋግራል። ሩፒ ለረጅም ጊዜ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ምሕጻር ነበር፤ ያንኑ ምሕጻር ፓኪስታንም፣ ኔፓልም፣ ስሪላንካም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሕንድ ለራሷ ብቻ የሚሆን ምልክት ፈልጋ በ2009 ውድድር አወጣች። ከ3,000 በላይ ሥራዎች ቀረቡ፤ በሐምሌ 2010 የተመረጠው የኡዳያ ኩማር ንድፍ ሆነ። ኡዳያ ኩማር ያኔ በቦምቤይ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ተማሪ ነበር።

እንደ እጅ ሥራ ከሆነ፣ እናደንቀዋለን። የዴቫናጋሪ ፊደላት እንደኛ ፊደል በእግራቸው የቆሙ አይደሉም፤ ከላይ ከተዘረጋ አግድም መስመር ላይ፣ ከገመድ እንደተሰጣ ልብስ፣ ተንጠልጥለው ነው የሚጻፉት። ኡዳያ ኩማር የዴቫናጋሪውን «ረ» ወስዶ ከላቲኑ «አር» ጋር አገናኘው፤ የላቲኑን ቋሚ እግር ቆርጦ ጣለና መስመሩን ከላይ ዘረጋበት። ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ጨመረ፤ በመካከላቸው የቀረው ባዶ ቦታ ባለ ሦስት ቀለሙን ሰንደቅ እንዲያስታውስ አደረገ። ይህ መለጠፍ አይደለም። ሁለት ፊደላት በአጥንታቸው የሚገናኙበትን መገጣጠሚያ ማግኘት ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው? ያ የላይኛው መስመር የሁሉም አለመሆኑ ላይ ነው። ታሚል የሚጻፍበት ፊደል እንዲህ ያለ መስመር የለውም፤ ቅርጹም ሌላ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ኡዳያ ኩማር ራሱ ታሚል መሆኑ ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱም ስለ ታሚል ፊደል ነበር። የገዛ ፊደሉን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ያገር ምልክት ንደፍ ሲባል ፊደሉን ደጅ ትቶ ገባ። የውድድሩ ደንብ የአገሪቱን ታሪክና ባህል የሚያሳይ ምልክት ነበር የጠየቀው። የየትኛውን ወገን ባህል? ይሄ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየና በመጋቢት 2025 ፈነዳ። የታሚል ናዱ መንግሥት ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር በሂንዲ ትምህርት ሲከራከር፣ ለበጀቱ ባወጣው ዓርማ ላይ የሩፒውን ምልክት አንሥቶ በታሚል ፊደል ተካው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፖለቲካው ጥፋተኛ ነው እንጂ ንድፉ ምን አጠፋ?» ይሉናል። በከፊል ልክ ናቸው፤ ፖለቲካ ዐይኑንም አልማረውም። በ2024 የዱርዳርሻን የዜና ጣቢያ ዓርማ ከቀይ ወደ ሻፍራን ቀለም ሲለወጥ፣ ቀለሙ የገዥው ፓርቲ ነው ተብሎ ተቃውሞ ተነሥቷል። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ዐይኑ ላይ ጭቅጭቁ የመጣው በቀለሙ ነው፤ ቀለም ደግሞ ይታጠባል። የሩፒው ጭቅጭቅ ያለው በአጥንቱ ውስጥ ነው፤ መስመሩን ብታነሡት ምልክቱ ራሱ ይፈርሳል።

ስለዚህ ከሁለቱ አብልጠን የምንወደው ዐይኑን ነው ብንል አድልዎ አይሁንብን። የሩፒው ምልክት ብልህ ነው፣ በእጅ ለመጻፍም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከብዙ ቤት የአንዱን ቤት በር ወስዶ የሰፈሩ ሁሉ በር አድርጎታል። ዐይኑ ከማንም በር አልወሰደም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለእኛም ስለሚበጅ ነው። «ባህላችንን የሚያሳይ ፖስተር ሥሩ» ስንባል እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወዴት ነው? ከብራና ሐረግ ቀድቶ ጠርዙን ማስጌጥ፣ ከመሶብ ስፌት ቀለም ወስዶ መደርደር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ሳይገባን ከለጠፍነው የራሳችንም ወርቅ አያደምቀንም። ሐረጉ የተሣለበት ምክንያት ነበረው፤ የንባቡን መጀመሪያና መለያያ ለዐይን ያመለክታል። ይህን ሥራውን የተረዳ ተማሪ አንድ ሐረግ እንኳ ሳይስል ያንኑ የሚሠራ ገጽ ሊያሰናዳ ይችላል። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራችንን ግድግዳ ላይ ከመስቀላችን በፊት የሎታውን ጥያቄዎች እናንሣ፦ ምን ይይዛል? ማን ይሸከመዋል? ከዚያም የእኛን ዘመን ጥያቄ እንጨምርበት፦ ማንስ ደጅ ቀረ?