የማላዮች ባህላዊ ቤት፦ ጥበቡ፣ ዕንጨቱና ወጪው

ስለ ሕዝብ ቤት የሚጻፉ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጉድለቶች በአንዱ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ የገጠሩን ቤት የኋላ ቀርነት ምስክር አድርገው ያልፉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከነዋሪው ችግር ለይተው እንደ ጌጥ ያደንቁታል። ሊም ጂ ዩዋን እ.ኤ.አ. በ1987 በማሌዥያ በፔናንግ ያሳተሙት «የማላይ ቤት» የተሰኘ መጽሐፍ ከፊተኛው ጉድለት ፈጽሞ የጸዳ ነው። ከኋለኛው ምን ያህል እንዳመለጠ ግን መመርመር ይገባል። መጽሐፉ ከወጣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቢያልፉም ጥያቄው አላረጀም፤ አቅም የሌለው ሕዝብ በእጁ ያለውን ዕውቀት ጥሎ ሌሎች የሠሩለትን ቤት በዕዳ መግዛት አለበትን?

የመጽሐፉ ጥንካሬ ትንተናውን ከአየር ንብረቱ መጀመሩ ነው። የማላይ ባሕረ ገብ ምድር ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና ርጥበታም ነው። የቆላው ሙቀት በአመዛኙ ከ22 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ዓመታዊው ዝናብ በብዙ ቦታ ከ2,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ባለ አገር ላብ ቶሎ ስለማይደርቅ ቤት ሠሪው የሚሻው ወፍራም ግድግዳ ሳይሆን ነፋስ ነው። ስለዚህም ቤቱ በቋሚዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ከጎርፍና ከአውሬ ይጠበቃል፤ ነፋስም በላዩና በታቹ ይመላለሳል። መስኮቶቹ እስከ ወለሉ ይወርዳሉ፤ ቤተ ሰቡ ምንጣፍ ላይ ስለሚቀመጥ ነፋሱ ተቀማጩን ሊያገኘው ይገባልና። ከግድግዳው በላይ ያሉት የተቀረጹ ሳንቃዎች የተበሱት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አየር ያሳልፋሉ። ሰፊው ታዛም ዝናቡንና የፀሐዩን ነጸብራቅ ይመክታል።

የዕቃው ምርጫ ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ለምሰሶና ለአግዳሚ፣ አቅም ከፈቀደ፣ ምስጥና ርጥበት በቀላሉ የማይደፍሩት ቸንጋል የተባለ ጠንካራ ዕንጨት ይመረጣል። ግድግዳው እንደ ባለቤቱ ኑሮ ሳንቃ ወይም እንደ ምንጣፍ የተሠራ ቀርከሃ ይሆናል። ለጣሪያው የኒፓ ዘንባባ ቅጠል በቀጭን ዘንግ ላይ ታጥፎ ይሰፋና ተደራርቦ ይከደናል። አታፕ የሚባለው ይህ ክዳን ሙቀት አያከማችም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። አግዳሚው በምሰሶው ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ያልፍና በሽብልቅ ይጠብቃል። ምሰሶውም በብዙ ቦታ አይቀበርም፤ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ከዚህ የተነሣ ቤቱ ተፈትቶ ሌላ ቦታ ሊተከል፣ አነስተኛ ከሆነም ጎረቤት ተሰብስቦ በሸክም ሊያዛውረው ይችላል።

በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ስለ ቤቱ ዕድገት የሚናገረው ነው። የቤቱ ዋና አካል «ሩማህ ኢቡ» ይባላል፤ ትርጉሙ የእናት ቤት ማለት ነው። ወጣት ባልና ሚስት ይህንና ማድ ቤቱን ብቻ ሠርተው ኑሮ ይጀምራሉ፤ ልጅ ሲወለድ፣ ገንዘብ ሲገኝ፣ በረንዳውና ሌላው ክፍል ይቀጠላል። አንዱ የአቀጣጠል ስልት «ጋጃህ መንዩሱ» ይሰኛል፤ ዝቅ ያለው ተቀጥላ ከትልቁ ቤት ሥር ተጠግቶ ሲታይ ግልገሏን የምታጠባ ዝሆን ስለሚመስል ነው። ደራሲው ይህን ከዘመናዊው የመኖሪያ መንደር ጋር ያነጻጽሩታል። በዚያ ቤቱ አስቀድሞ ያለቀ ሸቀጥ ነው፤ ገዢው ቤቱን ከአቅሙ ጋር ማሳደግ ቀርቶበት፣ አቅሙን ከቤቱ ዕዳ ጋር ለማስተካከል ይገደዳል። ይህ ነቀፋ ዛሬም ሙሉ ኃይሉ አለው።

ከደራሲው የምንለየው ቤቱን እንደ አንድ ወጥ ቅርስ በሚመለከቱበት ቦታ ነው። ማላዮች የሠሩት ቤት ሁሉ ዕኩል ዕድሜ አላገኘም። በነገሪ ሰምቢላን የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተጠናቀቀው የስሪ መናንቲ አሮጌ ቤተ መንግሥት በ99 ምሰሶዎችና ያለ ሚስማር በመሠራቱ ይደነቃል። ይህ ግን የገዢ ቤት ነው። ገበሬው በቀርከሃና በቅጠል የሠራው ጎጆ በብዛት ፈርሷል፤ የቆመው የቸንጋል ባለቤቶች ቤት ነው። እንግዲህ ዛሬ «ባህላዊ» ብለን የምናደንቀው ቤት በአብዛኛው የባለጸጋው መሆኑን ሳናስታውስ ስለ ርካሽነቱ መናገር አንችልም። ቸንጋልም ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ደኑ ሲመነጠር ዋጋው ከገበሬው አቅም በላይ ሆኗል።

በቆርቆሮ ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳም ሚዛን ይጎድለዋል። ቆርቆሮ ቀን ያግላል፤ ዝናብ ሲዘንብም ሰው ከሰው አያደማምጥም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አታፕ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ እሳትም በቀላሉ ይበላዋል። ቅጠል ቆርጦና ሰፍቶ ጣሪያውን ማደስ ጉልበትና ጊዜ ይጠይቃል፤ ወጣቱ ወደ ከተማ በሄደበት መንደር ያንን ጉልበት ማን ይስጥ? ቆርቆሮ የመረጠው ገበሬ አልተታለለም፤ አስልቶ ነው የመረጠው።

ከመጽሐፉ ወዲህ የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ክርክሩን ያብራሩልናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በከዳህ የነበረ የአንድ የአካባቢ ሹም ቤት ተፈትቶ በኩዋላ ሉምፑር፣ በአገሪቱ የቅርስ ማኅበር ግቢ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ በአርክቴክት ጂሚ ሊም ነድፍ፣ የማላይ አናጢዎችን ጥበብ ተከትሎ በዕንጨት በባንጊ የተሠራው የሳሊንጀር ቤት የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። የመጀመሪያው የቤቱ ጥበብ እስከ ዛሬ እንደሚፈታና እንደሚገጠም ያስመሰክራል፤ ሁለተኛው አናጢው እንዳልጠፋ ያሳያል። ግን አንደኛው ለጎብኚ የቆመ ነው፤ ሌላው ለአንድ ቤተ ሰብ በጥንቃቄ የተሠራ። የሊም ጥያቄ የነበረው የብዙኃኑ መጠለያ በሁለቱም አልተመለሰም።

መልሱ በዕንጨቱ ዓይነት ላይ የተንጠለጠለ አይመስለንም። በእኛም አገር ጽድና ወይራ ሲመናመኑ ቤት ሠሪው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ገባው ባሕር ዛፍ ዞሯል፤ የጭቃ ቤቱ አሠራር ግን አብሮ አልጠፋም። ከማላዩ ቤት ሊወረስ የሚገባውም ከፍ ያለው ወለል፣ ነፋስ የሚያሳልፈው ግድግዳ፣ ሰፊው ታዛ፣ ከሁሉ በላይ ግን በየጊዜው የሚቀጠለው አሠራር ነው። እነዚህ በርካሽ ዕንጨት፣ በጡብ፣ ከሥሩ ሙቀት መከላከያ በተደረገለት ቆርቆሮም ሊሠሩ ይችላሉ። የሚያግደው የቤት ብድርና የመሬት ይዞታ ሕግ ያለቀ ቤት ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ሊም ይህን መሰናክል በትክክል አመልክተዋል፤ መጽሐፋቸውን የሚያነብ የቤቶች ፕላን አውጪም ከሥዕሎቹ በፊት ይህን ክፍል ቢያነብ ይጠቀማል።