የቨርቹዋል ማሽን መንቀራፈፍና የተለመደው ምክር

ቨርቹዋል ማሽኑ በላፕቶፑ ላይ ሲንቀራፈፍበት ተማሪው የሚሰማው ምክር «ሜሞሪ ጨምር» የሚል ነው። ምክሩ ሳይመረመር የተያዘ ይመስለናል፤ ልክ የሚሆነው ሜሞሪው በእርግጥ ሲጠብ ብቻ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት፣ 3840 በ2160 የሆነው 8,294,400፣ ይኸውም አራት እጥፍ አሉት። ለአንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢታሰብ፣ አንዱ ምስል 33 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው፤ ሙሉው በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢታደስ ወደ 2 ቢሊዮን ይጠጋል። ቨርቹዋል ማሽኑ በግራፊክስ ካርዱ እንዲጠቀም ካልተፈቀደለት፣ ይህን ሁሉ የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የሜሞሪ መብዛት ሸክሙን አያቀልለትም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የ3ዲ ማፋጠኛውን መክፈት፣ ይህ ባይበቃ የቨርቹዋል ማሽኑን ስክሪን ወደ 1920 በ1080 ማውረድ ይገባል። ፊደሉ ጥቂት ይደበዝዛል፤ ሥራው ግን ይፈጥናል።