ሕግ አውጪ ይቅርታ ሲጠይቅ፦ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ምክር ቤትና በቻይናውያን ላይ የደረሰው በደል

ሜይ 15 ቀን 2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቪክቶሪያ ከተማ የተሰበሰበው የካናዳው ክፍለ ሀገር የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ በክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በክሪስቲ ክላርክ የቀረበለትን የይቅርታ የውሳኔ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ገዢው ፓርቲም ተቃዋሚውም ቀደምት መንግሥታት በቻይናውያን ላይ ስላወጧቸው አድሏዊ ሕጎች በአንድ ድምፅ ይቅርታ ጠየቁ። የሰነዱ ጥንካሬ ቁጥሩ ላይ ነው፤ ከይቅርታው በፊት የተደረገው ፍተሻ 160 አድሏዊ ሕጎችንና ፖሊሲዎችን ለይቷል። ድክመቱ ደግሞ አንዲት ሐረግ ናት፦ የቀድሞዎቹ መንግሥታት የፈጸሙት ነገር በጊዜው ሕጋዊ ነበር የምትለው። «ሕጉ አዞኝ ነው» ማለት ለአሠሪ ወይም ለፖሊስ ያምርበት ይሆናል። ሕጉን ራሱ ለጻፈ ምክር ቤት ግን ማመካኛ አይሆነውም።

ክፍለ ሀገሩ በ1871 የካናዳ አካል ከሆነ በኋላ ምክር ቤቱ ከወሰዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ቻይናውያንንና የአገሩን ነባር ሕዝቦች ከመምረጥ መብት ማግለል ነበር። ጉዳቱ በምርጫ ሣጥን አላበቃም። ለጥብቅናና ለፋርማሲ ሙያ ፈቃድ ለማግኘት በመራጮች መዝገብ ላይ መገኘት ግድ ስለነበር፣ ድምፅ የተነፈገው ሰው የሙያ በሩም ተዘጋበት። ከ1881 እስከ 1885 ወደ 15,000 የሚጠጉ ቻይናውያን የካናዳ ፓስፊክን የባቡር ሐዲድ በተራሮቹ መካከል ዘርግተዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩትም እዚያው አልቀዋል። ሐዲዱ ባለቀበት በ1885 በኦታዋ የሚገኘው የካናዳ የፌዴራል ፓርላማ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ስደተኛ ላይ የ50 ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለ። ግብሩ በ1900 ወደ 100፣ በ1903 ወደ 500 ዶላር አሻቀበ። በ1923 በሩ ጭራሽ ተዘጋ፤ የተከፈተው በ1947 ነው። ቪክቶሪያ ኦታዋን ስትወተውት ኖራለች፤ ከሚሰበሰበው ግብርም ድርሻዋን ትቀበል ነበር።

የዚያ ዘመን የግብር ምስክር ወረቀት ዛሬም በቤተ መዛግብት ይገኛል። የከፋዩ ፎቶግራፍ፣ ስም፣ ዕድሜና የትውልድ መንደር፣ የመጣበት መርከብና የደረሰበት ቀን፣ በመጨረሻም የከፈለው 500 ዶላር ሰፍሮበታል። በዚያው ዘመን ከአውሮፓ የመጣ ሰፋሪ በሜዳማዎቹ የምዕራብ ግዛቶች በ10 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ 160 ኤከር መሬት ይሰጠው ነበር። ሁለቱም ስደተኞች የገቡት በሕግ ነው። ስለዚህ የሚመረመረው ሕጉን ማን፣ ለማን ጥቅም ብሎ እንዳወጣው እንጂ ሕጋዊነቱ አይደለም።

በዚያ ላይ ሐረጓ ከታሪክም ጋር ትጣላለች። ምክር ቤቱ በ1878 ቻይናውያን በየሦስት ወሩ 10 ዶላር እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ ቢያወጣ፣ የክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ውድቅ አድርጎታል። በ1890 ቻይናውያን ከመሬት በታች ባለ የከሰል ማዕድን ውስጥ እንዳይሠሩ የከለከለው ድንጋጌም በለንደን በነበረው የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ በፕሪቪ ካውንስል በ1899 ተሽሯል። እርግጥ ዳኞቹ የተሟገቱት ስለ ሰው እኩልነት አልነበረም፤ ጉዳዩ የኦታዋ ሥልጣን ነው አሉ እንጂ። ቢሆንም ምክር ቤቱ ካወጣቸው ሕጎች አንዳንዶቹ በዘመናቸው ሚዛንም ሕጋዊ እንዳልነበሩ ያሳያል።

ታዲያ ሐረጓ ለምን ገባች? መልሱን ከፍርድ ቤት መዝገብ እናገኘዋለን። የግብር ከፋዮችና የቤተሰቦቻቸው ወገን ገንዘቡ ይመለስልን ብለው የካናዳን መንግሥት ከስሰው ነበር። የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 ክሱን ሲዘጋ፣ ግብሩ የተሰበሰበው በጊዜው በጸና ሕግ ነው አለ። ሕጋዊነት የካሳ ጥያቄ መዝጊያ ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ1882 ስለወጣው ቻይናውያንን አግላይ ሕግ በ2012 ጸጸቱን ሲገልጽም፣ ውሳኔው በአሜሪካ መንግሥት ላይ ለሚቀርብ ክስ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ ደንግጓል።

የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲፈን ሃርፐር በ2006 በፓርላማ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ በሕይወት ላሉ ግብር ከፋዮችና ለሟች ከፋዮች የትዳር ጓደኞች 20,000 ዶላር እንዲሰጥ ተወስኗል፤ ሁለቱም ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆች ግን ምንም አላገኙም። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይህንንም አላደረገችም። ለታሪክ ማስተማሪያ የ1 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አቋቁማ ለግለሰቦች ካሳ እንደማትከፍል አሳወቀች። የግብሩን ድርሻ ስትቀበል ግን ተካፋይ ነበረች።

ይቅርታው የፖለቲካ ቆሻሻም ነክቶታል። በ2013 መጀመሪያ ላይ ሾልኮ የወጣ የገዢው ፓርቲ ሰነድ፣ ለታሪካዊ በደሎች ይቅርታ መጠየቅን የስደተኛ ማኅበረሰቦችን ድምፅ በቀላሉ ማግኛ አድርጎ ይዘረዝር ነበር። አንድ ሚኒስትር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ይቅርታውም ከምርጫው በኋላ ከማኅበረሰቡ ጋር ምክክር ተደርጎበት ቀረበ። አንዳንዶች በዚህ የተነሳ ነገሩን ሁሉ የምርጫ ጨዋታ ይሉታል። እኔ አልስማማም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ምክር ቤት ግን ወጊ ሆኖም መርሳት የማይችል ተቋም ነው፣ ቃለ ጉባኤ አለውና። ይቅርታው አንዴ በዚያ መዝገብ ከሰፈረ የጠያቂው ልብ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል፤ ቀጣዩን ምክር ቤት የሚይዘው ጽሑፉ ነው።

መያዙም ታይቷል። በ2018 ምክር ቤቱ እስያውያንን መቅጠር የሚከለክሉ አንቀጾችን ከ19 የቆዩ ሕጎች ላይ ፋቀ። በሌላ አነጋገር፣ ይቅርታው በተነበበበት ቀን ይቅርታ የተጠየቀባቸው ቃላት በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ነበሩ።

የሕግ አውጪ ይቅርታ በሦስት ነገር ይመዘናል፦ ጥፋቱን በየሕጉ በመዘርዘር፣ የቀረውን በመሻር፣ የወሰደውን በመመለስ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጀመሪያውን በሚገባ፣ ሁለተኛውን ዘግይታ አድርጋለች፤ ሦስተኛውን አላደረገችም። ነገ ተመሳሳይ ሰነድ የሚያረቅቅ ምክር ቤት ሁሉ የሕጋዊነቱን ሐረግ ሰርዞ በቦታው የሒሳብ መዝገቡን ያያይዝ።