ልጋጉን ፍቆ ማየት

ዘንገና ከእንጅባራ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለሚያኖር የአካባቢው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለ ዓሣ ቆዳ በሽታ የተጻፈው መመሪያ አብዛኛው እንዲህ ያለውን ደጋ አያስብምና። ዓሣን የማከም ሙያ ጥበቡ መድኃኒት በማብዛት ላይ አይደለም፤ ከማፍሰስ በፊት በማየት፣ ከዚያም በአገሩ ውሃ ልክ በማከም ላይ ነው።

ጎበዝ ባለሙያ መጀመሪያ ቆሞ ያያል። ዓሣው ጎኑን ድንጋይ ላይ ያሻል? ክንፉን አጥፎ ይንሳፈፋል? ውሃው ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል? ውሃውንም ይለካል፤ አሞንያ የበዛበት ገንዳ ቆዳን ያስቆጣል፣ በሽታም ይመስላል። ከዚህ በኋላ ነው እጁን አርሶ ዓሣውን የሚይዘው። ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፈዋል፤ ልጋጉ ደግሞ የዓሣ የመጀመሪያ መከላከያው ነው።

ዓሣውን እርጥብ ጨርቅ ላይ ያጋድመውና በጨርቁ ጫፍ ዓይኑን ይሸፍንለታል፤ ጨለማ ሲሆንበት ይረጋጋል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ናሙና መሸፈኛ ስስ መስታወት ጠርዝ፣ ከጎን ክንፉ ጀርባ ጀምሮ ወደ ጅራቱ፣ በቅርፊቱ አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ይፍቃል። ወደ ኋላ ፈጽሞ አይፍቅም፤ ቅርፊት ይነቀላል። (ቅርፊት የሌለው አምባዛ ከሆነ ይህ ጭንቀት ይቀላል።) የሚበቃው የጤፍ ፍሬ የምታክል ልጋግ ናት። የሚያርሳትም ከዚያው ከገንዳው በተቀዳ ጠብታ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ተውሳኩን ሊገድለው ይችላል፣ የሞተ ተውሳክ ደግሞ ለመለየት ያስቸግራል። ማይክሮስኮፑ ላይ ከማጎንበሱ በፊት ዓሣው ወደ ውሃው ተመልሷል። ይህን ቅደም ተከተል እወድለታለሁ።

ብርሃኑን ቀነስ ሲያደርገው ልጋጉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይወጣል። ነጫጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው፣ ፉኬ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1876 የገለጸው ኢክቲዮፍቲሪየስ፣ ትልቅና ጠቆር ያለ ሆኖ በዝግታ ይንከባለላል፤ ኒውክለሱ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አለው። በየዓመቱ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ለሚያከብር አገር ይህን ቅርጽ ማስረዳት አያስፈልግም። ትሪኮዲና ክብ ናት፣ በውስጧ የጥርስ ቀለበት ይዛ እየተሽከረከረች ትሮጣለች። ጋይሮዳክቲለስ የምትባለው ትል ደግሞ ከሁሉ ታስገርማለች፦ በሆዷ ልጅ፣ በልጇ ሆድ ሌላ ልጅ ይታያል። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገርም አለ፤ በዓይን አንድ ይመስላል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን አንዱ ወፍራም ቅርንጫፋም ክር ያለው ሻጋታ ነው፣ ሌላው ተከማችተው የሚንሸራተቱ ቀጫጭን ባክቴሪያዎች። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ሳያዩ ሁለቱንም መድኃኒት አንድ ላይ የሚደፉ ሰዎች ዓሣውን የሚጎዱት በደግነታቸው ነው።

ነጠብጣቡ ኢክቲዮፍቲሪየስ ከሆነ ትዕግሥት ይመጣል። ተውሳኩ ቆዳው ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። አድጎ ይወድቃል፣ ገንዳው ወለል ላይ ተከፋፍሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ዋናተኞች ይሆናል፤ መድኃኒቱ የሚደርስባቸው እነዚያ ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ዑደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲያልቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ማሞቂያ የሌለው የእንጅባራ ገንዳ ነጠብጣቡ ጠፋ ተብሎ ሕክምናው አይቆምም።

መጻሕፍቱ ውሃውን እስከ 30 ዲግሪ አሙቁት ይላሉ። በባሕር ጠለል 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 7.5 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ 5.6 ገደማ ብቻ። የታመመ ስንጥብ ይህን አይችለውም። ስለዚህ ባለሙያው ያለ አየር ፓምፕ አያሞቅም፣ ኦክስጅን የሚቀንሰውን ፎርማሊንንም ከሙቀት ጋር አያጣምርም። ቀዝቃዛ ውሃ ለሚስማማው ወርቃማ ዓሣ ሙቀቱን ትቶ ጨው ይመርጣል። ሒሳቡም ጥንቁቅ ነው፦ 60 በ30 በ30 ሴንቲሜትር ውሃ 54 ሊትር ነው፤ አሸዋውና ድንጋዩ ሲቀነስ 48 ቢሆን፣ በሊትር 3 ግራም 144 ግራም ጨው ይወጣዋል። በሌላ ዕቃ አሟሙቶ ከፋፍሎ በሰዓታት ልዩነት ይጨምረዋል፤ ዓሣው ላይ አይበትነውም። ጨው የማይስማማው ዝርያ ወይም ተክል ካለ አስቀድሞ ያወጣዋል።

ሲጨርስ እንደገና ፍቆ ያያል። ሁለተኛውን የሚወስደው ከሌላኛው ጎን ነው፤ በመጀመሪያው ቦታ ልጋጉ ገና አልሞላምና።