በእኛ መሀል ወረቀት?

«በእኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የያዘኝ ልማድ ሆኖ፣ ሰው ካለው ነገር ይልቅ አባባሉ ቀድሞ ይታየኛል። ይቺ ዐረፍተ ነገር ጥያቄ ትመስላለች እንጂ መልስ አትጠብቅም። «ወረቀት እንጻፍ» ያለው ሰው ጓደኛውን ሌባ ያለ ያህል አፍሮ ዝም እንዲል የተበጀች ናት። አነጋገሯ የጨዋ ነው፤ ሥራዋ ግን ማስፈራራት ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ቤት መግዛት ያቃተው ሰው ከጓደኛው ጋር አዋጥቶ ኮንዶሚኒየም ይገዛል፤ አከራይተው ሊካፈሉ፣ ሲወደድ ሊሸጡ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ብሩ ባንክ ተቀምጦ ሲሟሟ ማየት የሰለቸው ሰው ወደ ብሎኬት ቢሮጥ አይፈረድበትም። (ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል እንደ ክስ ሲነገር እየሰማን ላደግነው ለእኛ፣ ሁለተኛ ቤት መመኘት ራሱ ትንሽ ድፍረት አለበት።)

ጓደኛዬም ይህንኑ ይዞልኝ መጣ። ዩኒቨርሲቲ አንድ መኝታ ክፍል የኖርን፣ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ የነበረ ሰው ነው። ባለ ሁለት መኝታ፣ ግማሽ ግማሽ፣ ካርታው በሱ ስም። «ለጊዜው ነው፤ በሁለት ስም ማዞር ጣጣው ብዙ ነው» አለኝ። ቀጥላ ያቺ ዐረፍተ ነገር መጣች።

እሱን አምነዋለሁ። ጉዳዩ እሱ አይደለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል። እንግዲህ ካርታው በጓደኛዬ ስም በወጣ ቀን ቤቱ በሕግ ዓይን የሱና የባለቤቱ ነው፤ እኔ የለሁበትም። ባለቤቱ ደግ ሴት ናት፤ ግን ስለ እኔ ግማሽ የነገራት የለም። ነገ እሱ፣ ክፉ አይንካውና፣ አንድ ነገር ቢሆን ልጆቹ የሚያዩት ካርታ ነው፤ እኔ የማሳያቸው ትዝታ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ለቅሶ ላይ «ጋሼ» እያሉ ያቀፉኝ ልጆች ከአርባው በኋላ «ማስረጃህ የታል?» ቢሉኝ ጥፋቱ የነሱ ነው?

ከሁሉ የሚያስቀኝ ደግሞ ወረቀት የፈረንጅ አመል ነው መባሉ። ዕቁባችንን አናውቀውም እንዴ? ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። ዋስ የሚጠይቁት ቡና አብረውት የሚጠጡ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ «ተሰደብኩ» ብሎ ከዕቁብ የወጣ ሰው ግን አላየሁም። ዕድሩም ደንብ አለው፤ ድንኳኑና ወንበሩ ሳይቀር በመዝገብ ነው። ለአንድ ዙር ዕቁብ ዋስ የምንጠራ ሰዎች፣ የዕድሜ ልክ ጥሪታችን ላይ ስንደርስ ነው መተማመን ትዝ የሚለን! ይባስ ብሎ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ ተከራዩ፣ የማናውቀው ሰው፣ የተመዘገበ ውል ይኖረዋል፤ ግማሹን የገዛሁት እኔ ቃል ይዤ ልቀመጥ ነው።

ወረቀት ኖሯቸውም የተካሰሱ ጓደኛሞች እንዳሉ አይጠፋኝም። ደላላ በቆመበት የሚያስፈርመው ወረቀት ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ጠብ አያስብም። ተከራይ የጠፋበትን ወር ማን ይችላል? አንዱ ልጁን ሊያሳክም መሸጥ ሲፈልግ ሌላው «ትንሽ ይወደድ» ቢልስ? ዋጋውን ማን ይገምታል? ይህን ተቀምጠው መነጋገር ያልቻሉ ሁለት ሰዎች ቤቱን ሲይዙት ይችሉታል ብዬ አላምንም።

ሁለት ገጽ ረቂቅ ጻፍኩለት፦ ካርታው በሁለታችን ስም፣ ሚስቶቻችንም አውቀው ይፈርሙ። እያነበበ አብዛኛውን በዝምታ አለፈው፤ «አንደኛው ቢሞት» የምትለው አንቀጽ ላይ ሲደርስ በእስክሪብቶ ሰረዛት። «ሟርት ነው» አለኝ። እሷ ተመልሳ እስክትገባ ብሬ ካለበት አይነሳም አልኩት። ረቂቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ለባለቤቱ ሊያሳያት ይዞት ሄደ።